እብዷ ባለጸጋና አባቴ

በቀደም፣ እዚህ ስደት አገር፣ ቤልትላይን የሚባለው ሰፈር አንድ ምግብ ቤት ተቀምጬ፣ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ቴሌቪዥን የድሮ ጥቁርና ነጭ ፊልም ሙዚቃ፣ ያ ሻካራና ጥድፊያ የበዛበት ሙዚቃ ሲሰማኝ፣ ሹካዬን አስቀምጬ ፈዝዤ ቀረሁ። መጀመሪያ የአባቴ ሳቅ መጣብኝ፤ ቀጥሎ ደግሞ ያ የማይለቀኝ ንዴት።

ልጅ ሳለሁ እዚሁ ከተማ ዋይትሆርን የሚባል ሰፈር ነበር የምንኖረው። በረዶው በሚከብድበት ወቅት የማርያም ማኅበር ተራ ሲደርሰን፣ ተበልቶ ተጠጥቶ ሲያበቃ፣ አባባ ሁሌ ይህንኑ ፊልም ይከፍት ነበር። አንዲት ባለጸጋ ሴትዮ የትልቅ ቤቷን ክፍሎች ለጎዳና ሰዎች አንድ በአንድ ስታድል፣ ወራሾቿ አብዳለች ብለው ሐኪም ያመጡባታል፤ ሐኪሙም አንዱን ክፍል ይዞ እዚያው ይቀራል። አባባ እንግሊዝኛው ለሚያስቸግራቸው ፊልሙን እያቆመ፣ ከራሱም እየጨማመረ ይተረጉም ነበር። የማኅበሩ ሽማግሌ ጋሼ ታደሰ፣ የሁለት ቤት ጌታ፣ እንባቸው እስኪወርድ ስቀው ሲያበቁ ወራሾቹን «ሆዳሞች! ስግብግቦች!» እያሉ ይራገሙ ነበር።

አባባ ኤርፖርት ጽዳት ነበር የሚሠራው። አንድ ዓመት በረዶው መቅለጥ ሲጀምር፣ ከሺፍት ሲወጣ፣ እትዬ ለተብርሃን የሚባሉ ኤርትራዊት ባልቴት ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠው ሲያለቅሱ አገኛቸው። እቀበልዎታለሁ ያላቸው የወንድማቸው ልጅ ጭራሽ ስልኩን ዘግቶት ኖሯል። አባባ ይዟቸው መጣ። እሳቸው አልጋዬ ላይ፣ እኔ ፍራሽ ዘርግቼ ከሥራቸው እንተኛ ነበር፤ አስመራ በአማርኛ የተማሩ ስለነበሩ ፀጉሬን እየጎነጎኑ ተረት ይነግሩኝ ነበር፤ በጣም ወደድኳቸው።

ብዙም ሳይቆይ ጋሼ ታደሰ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው፣ ድፎ ዳቦ አስይዘው መጡ። እማዬ ለደግ ነገር መስሏት ተሯሯጠች። ዳቦውን ቆርሰው፣ «ቤታችሁ አይጉደል» ብለው መርቀው ሲያበቁ፣ ጋሼ ታደሰ ምን ቢሉ ጥሩ ነው?

«አንተ ሰውዬ፣ አብደሃል እንዴ? ቤትህን ሆቴል አደረግከው! ለልጅህ አታስብም? ሴትዮዋን ሼልተር ውሰዳቸው፤ መጠለያ ሞልቷል።»

ጉድ እኮ ነው! የእሳቸው ምድር ቤት ባዶውን ተቀምጦ!

«ጋሼ፣ ያንን ፊልም ሲያዩ ለማን ነበር የሚያዝኑት?» አለች እማዬ።

«እሱ ፊልም ነው፣ ይሄ ኑሮ ነው!» አሏት፣ ቆጣ ብለው።

እትዬ ለተብርሃን ሁሉን ሰምተው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ሻንጣቸውን አንጠልጥለው ከክፍላችን ወጡ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ አትጣሉብኝ፣ እኔ ልሂድ» ሲሉ እኔ ቀሚሳቸው ላይ ተጠምጥሜ ጮኽኩ። አባባ ሻንጣውን ከእጃቸው ተቀብሎ ክፍሌ መልሶ አስገባውና፣ ሽማግሌዎቹን «በሉ ቅረቡ፣ ወጡ እንዳይቀዘቅዝ» አላቸው። ሰዎቹም ቀርበው፣ በደንብ በልተው ሄዱ።

ሙቀቱ ሲገባ እትዬ ለተብርሃን ከጓሯችን ቆስጣ ተክለው ያበሉን ነበር። ማኅበርተኞቹ ግን እኛ ቤት መምጣቱን ተዉት። አባባ ሆዱ ተጎድቶ ነበር፤ ያን ፊልምም ሁለተኛ አልከፈተውም።

አምና አባባ ሲያርፍ ልቅሶው ላይ ማይኩን ማን ያዘው? ጋሼ ታደሰ! «ቤቱ ለሁሉ ክፍት የነበረ፣ እንዲህ ያለ ደግ ሰው ከየት ይገኛል?» ሲሉ አዳራሹ ሙሉ አነባ። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ያኔ በገዛ ሳሎኑ ያሸማቀቁትን ሰው፣ ዛሬ መልስ በማይሰጥበት ሰዓት ያወድሱታል! ልናገራቸው ብድግ ስል፣ እርጅና የተጫናቸው እትዬ ለተብርሃን እጄን ያዝ አደረጉኝ።

«ተይ ልጄ። ቆመው ደክሟቸዋል፣ እግራቸው ሲንቀጠቀጥ አታዪም? አባትሽ ቢኖር ወንበር ያመጣላቸው ነበር።»

አመጣሁላቸው። ጋሼ ታደሰም «ተባረኪ» ብለው ተቀመጡ፤ እኔ የወንበሩን መደገፊያ እንደጨበጥኩ፣ እየነደድኩ ቆሜ ቀረሁ።