ዶሮዎቼን ያስጾምኩበት ሁዳዴ

የዶሮ ጉዝጓዝ በወንፊት የነፋ ሰው ከእኔ በቀር አላውቅም። መኖው የት እንደሚገባ ካሳሰበኝ ሰንብቶ ነበርና አንድ ቀን አሮጌውን ጉዝጓዝ ጠርጌ አዲስ የገብስ ገለባ አነጠፍኩ። በማግስቱ የደብረ ብርሃን ብርድ ቀለል ሲል ጓሮ ወጣሁ፤ አፍንጫዬን በነጠላዬ ጫፍ ሸፍኜ ገለባውን ከነኩሱ ነፋሁት። አንድ ጣሳ ሊሞላ ትንሽ የቀረው መኖ ወጣ። የሰጠኋቸው ሦስት ጣሳ ነበር። መናደድ ሲገባኝ ደስ አለኝ፤ ቢያንስ የት እንደሚገባ አወቅሁ።

ዶሮዎቹ አሥራ አንድ ነበሩ። የገዛናቸው ባለቤቴ ሆዳቸውን ኦፕራሲዮን ሆነው ከሐኪም ቤት በወጡ ሰሞን ነው። ባለቤቴ ቄስ ናቸው፤ ከተጋባን ጀምሮ አንቱ እላቸዋለሁ፣ ስቆጣም ጭምር። ሐኪሙ «በየቀኑ እንቁላል ይብሉ፤ አለዚያ አቅም አያገኙም» ብሏቸው ነበር። ታዲያ ዶሮዎቹ መጣል በጀመሩ በሳምንቱ ሁዳዴ ገባ። የነፍስ አባታቸው ለሕመምተኛ ይፈቀዳል ቢሏቸው አሻፈረኝ አሉ። «ስንቱን ጹም ስል ኖሬ ዛሬ እኔ እንቁላል ልላጥ?» ለመንኳቸው፣ ተቆጣሁ፣ አለቀስኩ። በመጨረሻ «የፋሲካ ለት ከራሳችን ዶሮዎች ሁለት ቀቅለሽ ታመጪልኛለሽ፤ እበላለሁ» ብለው ቃል ገቡልኝ። ቀሚሳቸው ሰው የለበሰው ሳይሆን ሚስማር ላይ የተሰቀለ ይመስል ነበር። እስከ ፋሲካ ይቆዩልኝ ይሆን እያልኩ ቀን መቁጠር ጀመርኩ።

እስከዚያው መቼም እጄን አጣጥፌ አልቀመጥ፣ መቀመጫ ዱካዬን ይዤ ጓሮ እውል ጀመር። ለካ ከልጅነቴ ጀምሮ ዶሮ እያረባሁ ዶሮ ስትበላ ልብ ብዬ አይቼ አላውቅም። በቆሎውን መርጣ ትለቅማለች፤ ፉርሽካውን በምንቃሯ ግራና ቀኝ ትጠርገዋለች። አንዲት ቀይ ዶሮ ደግሞ የመኖው ትሪ ውስጥ ገብታ በሁለት እግሯ ትጭራለች፤ ምን እንደምትፈልግ እስከ ዛሬ አልገባኝም። የተበተነውን ድንቢጥ ይለቅመዋል፣ የተረፈው ከኩስ ጋር ይረገጣል። ማን ከማን እንደምትቀድም፣ ማን ማንን እንደምትነቁር ሳይቀር አጠናሁ።

«ይህ ጥጋብ ነው» ብዬ ፈረድኩ። የቄስ ሚስት ነኝ፤ ለጥጋብ የማውቀው መድኃኒት አንድ ነው። ደግሞስ በጾም እንቁላላቸውን ማን ይበላዋል? ሱቁ አይቀበለኝ፣ ጎረቤት አይፈልግ። ስለዚህ ሦስቱን ጣሳ አንድ ተኩል አደረግሁት፤ የምሰጣቸውም ዘጠኝ ሰዓት፣ ቅዳሴ ሲወጣ ሆነ። ቅዳሜና እሁድ እንኳ እንደ ደንቡ ጠዋት አደርግላቸው ነበር። አሁን ስጽፈው ያሳፍረኛል፤ ያን ጊዜ ግን ጽድቅም ብልሃትም መስሎኝ ነበር።

መበተኑ ቀጥ አለ። ብነፋ ብነፋ ከወንፊቱ የሚወርደው አቧራ ብቻ ሆነ። ድንቢጦቹም ተስፋ ቆርጠው ወደ ጎረቤት ሄዱ። በቀን ስምንት የነበረው እንቁላል ግን አራት፣ ከዚያ አንድ ሆነ፣ ከዚያም ጨርሶ ቀረ። ያም ሆኖ አልደነገጥኩም፤ ለፋሲካ በሆዳቸው የሚያጠራቅሙት መስሎኝ ነበር። ላባቸው መርገፍ ሲጀምር ነው መጠራጠር የጀመርኩት። ቢሆንም ካፈርኩ አይመልሰኝ ነውና አንድ ጣሳ ተኩሌን አለቅም አልኩ።

የሆሳዕና ዋዜማ ቅዳሜ፣ ከወለጋ ተፈናቅላ እዚሁ መጠለያ የምትኖር ሴት ለጎመን መደቧ የዶሮ ኩስ ልትወስድ መጣች። በአገሯ ገበሬ ነበረች። ማዳበሪያዋን ትታ ቀጥ ብላ ወደ ዶሮዎቹ ሄደች፤ አንዷን ያዘችና ደረቷን ዳበሰች።

«እትዬ፣ እነዚህ እኮ ርቧቸዋል።»

«ምን ይርባቸዋል! ሲጠግቡ ሜዳ ላይ ይበትኑታል።»

«የሚበትኑትማ ዕቃው መሬት ላይ ሆኖ ነው። በጀርባቸው ልክ ከፍ ይበል።»

ጥግ የወደቀ ጀሪካን አየች፤ ቢላዋ ተቀብላኝ በቁመቱ ሰነጠቀችውና በብሎኬት ላይ አስቀመጠችው። «ግማሹን ብቻ ይሙሉት፤ ሲጎድል ይጨምሩ» አለችኝ። መኖ ስጨምርበት ዶሮዎቹ ተሻሙበት፤ ውስጡ ገብተው መጫርም መቆምም አልቻሉም፣ አንገታቸውን አስገብተው መብላት ብቻ።

«እንቁላሉስ መቼ ይመጣል?» አልኳት።

«መጀመሪያ ላባቸውን ያብቅሉ እንጂ።»

«በስምንት ቀን ይደርሳል?»

ሳቀች፤ ከዚያ ፊቴን አየችና ሳቋን ዋጠችው።

በማግስቱ ብነፋ ከጉዝጓዙ የወጣው መኖ እፍኝ አልሞላም። ጠግበው በልተው፣ ያውም ሳይበትኑ! በሌላ ጊዜ ቢሆን እልል እል ነበር። ያን ሳምንት ግን ጠዋት ማታ ጎጇቸውን ስዳብስ ከረምኩ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ መሆኑን ባውቅም እጄ አላርፍ አለኝ።

ፋሲካ ደረሰ። ሱቁ እንቁላል ጨርሶ ስለነበር ከጎረቤት ሁለት ለምኜ ቀቀልኩ። ባለቤቴ አንዱን አንስተው አገላብጠው አዩት።

«የእኛ ነው?»

መዋሸት አቃተኝ። ወንፊቱን፣ ጥጋቡን፣ ዘጠኝ ሰዓቱን፣ ሁሉንም ዘከዘክሁላቸው። የሆዳቸውን ስፌት በእጃቸው ደግፈው ሳቁ።

«እኔ አልበላም ስል ይብሉ እያልሽ አለቀስሽ። እነሱ እንብላ ሲሉ ደግሞ ከለከልሻቸው።»

እንቁላሉን አንዴ ገመጡና «ጥሩ ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብለው አስቀመጡት። ሁለተኛውን አልነኩትም። አፈርኩ፤ ከማፈሬ ይልቅ ግን ፈራሁ።

ከዚያ ወዲያ ፀሐይ ስትወጣ ወንበራቸውን ጓሮ አስወጥተው ከዶሮዎቹ ጋር መዋል ጀመሩ። «ጀሪካኑ ጎድሏል!» እያሉ ይጣሩኛል። ቀይዋ ጉሮሮዋ እስኪሞላ በልታ ስታንቀላፋ «ዶሮ ብታልም ጥሬዋን» ብለው ለብቻቸው ይስቃሉ። ላባው ለማን እንደበቀለ፣ የማን ጉትዬ እንደቀላ የሚነግሩኝ እሳቸው ሆኑ። እኔም እሳቸው ከሰሐናቸው ምን ያህል እንዳስቀሩ አያለሁ።

ጰራቅሊጦስ ሊደርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ከገለባው ውስጥ አንድ እንቁላል በእጃቸው ይዘው መጡ። ትንሽ ነው፤ ቅርፊቱ ላይ የደም ሰበዝ አለው። ቀቅዬ ሰጠኋቸው። ሲያላምጡ አገጫቸውን አያለሁ። ጨረሱት።

«ጨው የለውም» አሉ ቆጣ ብለው።

ከሐኪም ቤት ከወጡ ጀምሮ በምግብ ሲያማርሩ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ጨው ላመጣ ብዬ ገባሁና ማጀት ውስጥ ቆሜ አለቀስኩ። ቆየሁባቸው መሰለኝ፣ ከጓሮ ጮኹ፦

«ምነው፣ ጨው ፍለጋ አፋር ወረድሽ እንዴ? ሌላም ካለ ጨምሪልኝ!»