ሁለቱ የትራፊ ባልዲዎች

ማክሰኞ ንጋት ላይ ከደሴ ተነሣሁ። የመኖ ዋጋ ዶሮዎቼን ሊያሸጠኝ ደርሶ ነበር። መካነ ሰላም ላይ አንዲት ሴት በምግብ ትራፊ የዝንብ እጭ እያረባች ዶሮ ትቀልባለች ሲሉኝ፣ ሳላይ አላምንም ብዬ ተሳፈርኩ። ጉጉፍቱ ላይ ብርዱ በአውቶቡሱ መስኮት እየገባ አንቀጠቀጠን። አቀስታ ወርደን ትኩስ ፍርፍር በላን። ሳህኑ ላይ የቀረውን ሳይ፣ ይኼም መኖ ሊሆን ነው ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ።

እጭ የምታረባዋ ዘይነባ ከሳዑዲ ከተመለሰች ሦስት ዓመቷ ነው። ጓሮዋ ውስጥ፣ በፕላስቲክ በተሸፈነ ሞቃት ዳስ፣ ሁለት የእንጨት ሣጥኖች አሳየችኝ። ነጫጭ እጮች ትራፊው ውስጥ ይተራመሳሉ። መጀመሪያ ዘገነነኝ፤ የፈራሁት ግማት ግን አልነበረም።

ሣጥኑም የዶሮ ቤቱም ለምን ሁለት እንደሆነ ጠየቅኋት። አንዱ ሣጥን የሐጂ እንድሪስን ምግብ ቤት ትራፊ ይበላል፤ ሌላው የክርስቲያኑን ምግብ ቤት፤ የየሣጥኑ እጭም ለየራሱ ዶሮ ቤት ነው። ትል የበላ ዶሮ እንቁላል ማንም አልገዛ ሲላት ቀድመው የወሰዱላት ሐጂ ናቸው፣ የሁለቱ ቤት ትራፊ ሥጋ እንዳይቀላቀል አደራ ብለው። እሳቸውን አይቶ ከተማው ተከተለ። እሳቸው ከተዉ ሁሉም ይተዋል።

ረቡዕ ጧት

ላግዛት ብዬ በር ላይ ያገኘሁትን ባልዲ የሐጂ ሣጥን ላይ ገለበጥኩ። የክርስቲያኑ ቤት ባልዲ ነበር። ዘይነባ ያወቀችው ከሣጥኑ እጭ ዘግና የሐጂን ዶሮዎች ከቀለበች በኋላ ነው። እኔም በድንጋጤ፣ ማን ያውቃል፣ ዝም እንበል አልኳት።

«እኔና አንተ አወቅን እኮ፣ ወንድሜ» አለችኝ።

ሻሿን አጥብቃ ወደ ሐጂ ሄደች፤ እኔም አፍሬ ተከተልኳት። ሳትደብቅ ነገረቻቸው፤ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ጨመርኩ። ሽማግሌው ወደ ዘይነባ ዞሩ።

«ቆሻሻ የበላ ዶሮ ልናርድ ስንል ሦስት ቀን አስረን እህል እንቀልብ የለም ወይ? እነዚህንም ሦስት ቀን ስንዴ አብያቸው፤ ሣጥኑንም ጥረጊ። ከዚያ እንቁላሉን አምጪልኝ። የሦስቱን ቀን እንቁላል እንግዳሽ ይውሰድ» አሏት።

ዘይነባ አለቀሰች። ስንዴውን እኔ ገዛሁ፤ ሣጥኑንም በእጄ ጠረግሁ።

ቅዳሜ እንቁላሉን በካርቶን ጭኔ ላይ፣ ዘይነባ ለዘር የሰጠችኝን እጭ በቆርቆሮ እግሬ ሥር አድርጌ ደሴ ገባሁ። ባለቤቴ ጠብሳ ስታቀርብ ዶሮዎቹ ምን በልተው እንደጣሉት ጠየቀችኝ። ማን ያውቃል ያልኩትንም ሳልደብቅ ሁሉን ነገርኳት።

ሣጥኔ ተሠርቶ አልቋል። ትራፊ ከመሰብሰቤ በፊት ግን፣ ከማን ቤት ልውሰድ ብዬ ልጠይቃት፣ እንቁላል የምትገዛኝን የጎረቤቴን የእትዬ ፋጡማን በር አንኳኳሁ።