ቬሎው ላይ ያረፈችው የእሳት ራት

ከጅማ የተነሣሁት የአንዲት የእሳት ራት የኋላ ክንፍ ለማየት ነው። ባለፈው ክረምት ለስብሰባ ቴፒ ሄጄ ሳለ፣ ያረፍኩበት ፔንሲዮን ግድግዳ ላይ መዳፌን የምታህል ቡናማ የእሳት ራት ፎቶ አንስቼ ነበር። ነፍሳትን ከፎቶ ለሚለዩ፣ በኢንተርኔት ለተዋወቅኋቸው ሰዎች ላክሁላቸው። «የኋላ ክንፏን ሸፍናዋለች፤ እሱ ካልታየ ማንነቷን መናገር አንችልም» አሉኝ። ነገሩ ሲከነክነኝ ከረመ።

«ጎረቤት የት ሄደ ቢለኝ ለሕክምና ነው የምለው» አለችኝ ባለቤቴ ጥሩወርቅ።

ከሚዛን ወደ ቴፒ

ሚዛን አድሬ በማግስቱ ሚኒባስ ያዝኩ። ጭጋጉ ከጫካው ላይ አልተነሣም፤ ከመንገዱ ዳር ቡና ተሰጥቷል። አጠገቤ የጎደሬ ከረጢት በእግሯ መሀል የያዘች ሴት ተቀምጣለች። ለምን እንደምሄድ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት።

«ቡና የምትበላ ናት?»

«አይደለችም። ማወቅ ፈልጌ ነው።»

«ታዲያ ሲያውቋት ምን ያደርጓታል?»

እስከ ሸኮ ድረስ አሰብኩ። አዝናልኝ መሰለኝ ሙዝ ሰጠችኝ።

ቴፒ

የፔንሲዮኑ ባለቤት ወይዘሮ ማሚቴ የበረንዳውን መብራት እንዳያጠፉ፣ ጠዋትም ግድግዳውን እንዳይጠርጉ ለመንኳቸው። ሲነጋ ግድግዳው በትንንሽ ራቶች ተሞልቷል፤ የእኔዋ ግን የለችም። ተስፋ ቆርጬ ቁጭ ባልኩበት አንዲት ሚዜ ነጠላ ጫማ በእጇ ይዛ መጣች።

«ጋሼ፣ የቢራቢሮ ሐኪሙ እርስዎ ነዎት?»

ቤታቸው በእንግዳ ስለተጨናነቀ ሙሽራዋ ምሕረት የምትለብሰው እዚያው ፔንሲዮን ነበር። መስኮቱ ጋ በተሰቀለው ነጭ ቬሎ ላይ፣ ክንፏን አጥፋ፣ የእኔዋ ተቀምጣለች።

«በጫማው እንዳትመቻት» አልኩ።

ምሕረት ግማሽ ፀጉሯ ተጠቅልሎ ከመስታወቱ ዞረች። «ቬሎዬን ታበላሽብኛለች?»

«ካልተመታች ምንም አታደርግም» አልኩ፣ እርግጠኛ ሆኜ።

«እንግዲያው ፎቶ ያንሷት። ግን ቶሎ፤ ሙሽራው መንገድ ላይ ነው።»

በእርሳስ ጫፍ ነካ አደረግኋት። ክንፏን ዘረጋች፤ ከኋላ ክንፎቿ ላይ የጉጉት የሚመስሉ ሁለት ትልልቅ ዓይኖች አፈጠጡብን። ሚዜዋ አልጋው ላይ ወጣች። እኔ ፎቶ አነሣሁ፣ ደግሜ አነሣሁ። ራቷ በመስኮቱ ወጥታ ሄደች።

የተቀመጠችበት ቦታ ላይ እንደ ጨሌ የተደረደሩ ፍሬዎች ተጣብቀዋል።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለች ምሕረት።

«እንቁላል ነው» አልኩ። በሩ የት እንደሆነ ማየት ጀመርኩ።

የሙሽራዋ አክስት መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ። ብዙ ቆዩ። «በሰርጓ ቀን፣ በቬሎዋ ላይ?» አሉ ቀና ብለው። «ልጅ ይበዛልሻል ማለት ነው። ማንም እንዳይነካው።» እልልታው ከአክስቷ ተነሥቶ ግቢውን ሞላው። ምሕረት ከነእንቁላሉ ተዳረች፤ እኔም ሳላስበው ከታዳሚዎቹ ጋር ምሳ በላሁ።

ጅማ

ቤቴ ገብቼ ፎቶዎቹን ላክሁ። መልሱ ፈጥኖ መጣ፤ «ወገኗን አወቅነው። ዝርያዋን ለመለየት ግን አባጨጓሬዋን ማየት አለብን።»

ከዚህ ጉዞ ስለ ሰው ቬሎ ቃል አለመግባትን ተምሬአለሁ፤ አንድ መልስ ሌላ ጥያቄ ይዞ እንደሚመጣም። ለወይዘሮ ማሚቴ ደወልኩ፤ እሳቸው ምሕረትን ጠይቀው መለሱልኝ።

«እንቁላሎቹን ጥጥ ላይ አስተኝታቸዋለች፤ ለማንም አልሰጥም ብላለች። ሲፈለፈሉ ግን መጥተው ይዩ ብላለች።»

ጥሩወርቅ ስልኩን ስትሰማ ነበር። ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባችና አንድ ማሰሮ ቅቤ ይዛ ወጣች።

«አራስ ሊጠይቁ ባዶ እጅ አይኬድም» አለችኝ።