ሴቶቹን ጠይቃችኋል?

አባባ አንሙት፣ የእናቴ አባት፣ ቤት ውስጥ ዕቃ ሲጠፋ አንዲት ጥያቄ ነበረቻቸው። እኛ ወንዶቹ ማጭድ ጠፋ፣ ልጓም ጠፋ ብለን ቤቱን ስንገለብጥ ከመደባቸው ሳይነሱ «ሴቶቹን ጠይቃችኋል?» ይላሉ። አልጠየቅንማ! ስንጠይቅ ይገኛል። ያን ጊዜ ጥርስ ባለቀበት አፋቸው የሚስቁት ሳቅ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። ጥያቄዋ ከየት እንደመጣች የነገሩኝ አድጌ፣ አንድ የክረምት ከሰዓት ዝናብ ከቤት ሲያስቀረን ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ ዝም ማለት ይቻላል? እኔ አልቻልኩም፤ ይኸው ጻፍኩት።

ነገሩ የሆነው በጣሊያን ጊዜ፣ በሠላሳ ዓመተ ምሕረት በጋ ነው። አባባ አንሙት የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ፣ ከአማኑኤል ማዶ ባለች አንዲት የገጠር ደብር የመጻሕፍት ትርጓሜ ተማሪ ነበሩ። ጎረምሳን አንቱ እያሉ አገር ለአገር ማስሮጥ አይመችምና ለዚህ ታሪክ ስል አንቱታውን ላንሳላቸው። ይቅር ይበሉኝ።

አንሙት ከነቢያት መጻሕፍት አንድ ብቻ ቀርቶታል። የዚያችን የአንዷን ትርጓሜ ደግሞ በዚያ አገር ከመምህሩ ከየኔታ ወልደ ሰንበት በቀር የሚያውቅ የለም። የኔታ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ በዚያ ዓመት ሳል ጨመረባቸው።

«ልጄ፣ ለፋሲካም አልደርስ» አሉት። «ይህ ትርጓሜ ከኔ ጋራ እንዳይቀበር።»

«ታዲያ ዛሬውኑ እንጀምራ፣ የኔታ!»

«በምን? ንባቡን ከምን ላይ ልታነብ ነው?»

ልማዱ እንዲህ ነው። ተማሪው ከመጽሐፉ ጥቂት ያነባል፣ መምህሩ ይተረጉማል፤ ደግሞ ያነባል፣ ደግሞ ይተረጉማል። መጽሐፍ ሳይገለጥ ትርጓሜ አይሰጥም። አንሙት ንባቡንም በቃልዎ ይስጡኝ ብሎ እግራቸው ላይ ወደቀ። «አንዲት ቃል ብስት ስሕተቴን ለልጅ ልጅ ታወርሰዋለህ» ብለው እምቢ አሉ።

መጽሐፉ ወዴት ሄደ? ደብሩስ ነበረው። የቤተ ክርስቲያኑ ንብረት ጠባቂ ገበዙ አለቃ እንዳላማው ነበሩ። ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ገብቶ ምሽግ ሲሠራ፣ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ የሚል ወሬም ሲሰማ፣ መጻሕፍቱን በየሰዉ ቤት በተኗቸው። አንዱ የሌላውን እንዳያውቅ እያንዳንዱን ለብቻው ጠርተው ገዘቱት። የቱ መጽሐፍ የት እንዳለ የተጻፈበት ቦታ ቢኖር የሳቸው ራስ ብቻ ነው። ከዚያ አርበኞቹን ተከትለው ወጡና በአንድ ውጊያ ወደቁ። ዝርዝሩም አብሯቸው ወደቀ።

አንሙት አኮፋዳውን አንግቶ ተነሣ። መጀመሪያ የደብሩን ቀሳውስት አንድ በአንድ ጠየቀ፤ ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ዲያቆናቱን ጠየቀ። ይጁቤ ገበያ ወርዶ፣ የሚያውቃቸውን ደብተራዎች ከጨው ተራ እስከ ፍየል ተራ እየተከተለ ጠየቀ። መርጡለ ማርያም አቅራቢያ አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን መጽሐፉ አላት ሲሉት አራት ቀን ተጉዞ ሄደ። ደጃፉ ላይ አንድ ሽማግሌ ቄስ ከራስ እስከ እግሩ አዩት።

«መጽሐፍ ፈላጊ? በዚህ ጊዜ? ማነው የላከህ?»

«የኔታ ወልደ ሰንበት ናቸው፣ አባቴ።»

«ባንዳም የኔታ አለው።»

ባንዳ አለመሆኑን እንዲያስረዳ ከጧት እስከ ቀትር የተማረውን ሁሉ ሲያስወጡት ዋሉ። አንዲት አልሳተም። ደስ ብሏቸው መረቁትና «መጽሐፉ ግን ኖሮንም አያውቅ» አሉት። አባባ ይህን ሲነግሩኝ ሽማግሌውን በድምፃቸው እያስመሰሉ ነበር፤ ከሃምሳ ዓመት በኋላ እንኳ አልበረደላቸውም!

ወደ አማኑኤል ሲመለስ ሙላት የሚባል ገበሬ በምልክት ጠርቶ ጓሮ አስገባው። «ገበዙ ለኔ የሰጡኝ አለ። ተሜ፣ አንተ የኔታን የምታገለግል ስለሆንህ ነው የማሳይህ።» ከንብ ቀፎ ሥር ቆፍሮ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ማኅደር ነው፤ መጽሐፍ የሚያዝበት የቆዳ ከረጢት። ከላዩ አንሙት የሚፈልገው ነቢይ ስም አለበት። ከፈተው። ጌሾ!

«መጽሐፉስ?»

«ምን መጽሐፍ? ይህን ጠብቅ አሉኝ፣ ጠበቅሁ። ባዶ ከሚቀመጥ ብዬ ጌሾ ጨመርሁበት።»

ገበዙ ብልጥ ናቸው፤ አንዱ ቢያዝ ሌላው እንዲተርፍ ማኅደሩን ከመጽሐፉ ለይተውታል። እንግዲህ መጽሐፉ አለ ማለት ነው፤ የት እንዳለ ግን ከቀድሞው የተሻለ ነገር የለም። አወቀ የሚባል የትምህርት ጓደኛው አይቶት ሳቀበት፤ «ጫማ ቢኖርህ ኖሮ ይኸኔ ሦስተኛውን ጨርሰህ ነበር።» አንሙት አልሳቀም። የኔታ ከዚያን ቀን ጀምሮ ተደግፈው እንጂ አይቀመጡም ነበር፤ ዓቢይ ጾምም ተጋምሷል።

በማግስቱ ራብ አስነሥቶት ለቁራሽ ወጣ። ደጁ የታወቀ ነው፤ እሜቴ የብርጓል የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ደጅ። አንሙት ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያ ደጅ እየቆመ ስለ ማርያም ብሎ በልቷል።

«የት ጠፍተህ ከረምህ፣ ተሜ? ውሻው እንኳ ረሳህ እኮ!»

«መጽሐፍ ፍለጋ፣ እሜቴ።»

«የማን መጽሐፍ?»

ለምን እንደነገራት አያውቅም። ደክሞት ነበር መሰለኝ። የገበዙን ነገር፣ የማኅደሩን ጌሾ፣ የየኔታን ሳል፣ ሁሉንም ዘረገፈው። የብርጓል እንዝርቷን አቆመች።

«ማንን ማንን ጠየቅህ?»

«ያልጠየቅሁት የለም! ቄሱን፣ ዲያቆኑን፣ ደብተራውን…»

«እኔንስ?»

አንሙት አኮፋዳውን ወደ ጎኑ ሰበሰበ።

«ሁለት ዓመት ስለ ማርያም ብለህ ቁራሽ ጠየቅኸኝ። አንድ ቀን 'እሜቴ፣ መጽሐፍ አይተዋል?' ብለኸኛል? እኔ ማንበብ አላውቅም፤ መደበቅ ግን አውቃለሁ። ና ግባ!»

ከጓዳ ያለው ጎታ ጤፉ አልቆ ከሥሩ ሊደርስ ጥቂት ቀርቶታል። እጇን እስከ ክርኗ ሰደደችና በፍየል ቆዳ የተጠቀለለውን ጎትታ አወጣች። «ይኸው፣ እየበላህ ወደሱ ስትወርድ ነበር እኮ!»

አንሙት መሬት ስሞ፣ መጽሐፉን አቅፎ ወደ በሩ ሮጠ። ቀደመችው።

«ወዴት? ገበዙ ለማታምኚው አታሳዪ፣ ለማንም ቢሆን ግን ከደጅሽ አታውጪ ብለው ነው የገዘቱኝ። አንተን አምኛለሁ። ከደጄ ግን አይወጣም።»

«የኔታ እየሞቱ ነው፣ እሜቴ!»

«ሳይሞቱ አምጣቸዋ!»

መምህር ጉባኤውን ትቶ ሴት ቤት ሄዶ ሲያስተምር በዚያ አገር ታይቶ አያውቅም። አንሙት ፈራ ተባ እያለ ለየኔታ ነገራቸው። የኔታ ሳላቸው እስኪነሣ ሳቁ። «ከሁለት ዓመት ጀምሮ ተማሪዎቼን የምታበላ እሷ፣ መጽሐፌን የምትጠብቅ እሷ፤ እኔ የማን መምህር ነኝ ብዬ ነው የምኮራባት? አንሡኝ!»

አንሙትና አወቀ በቃሬዛ ተሸክመዋቸው ሲያልፉ ሰፈሩ ሞቱ ብሎ እየጮኸ ወጣ። የኔታ ከቃሬዛው ቀና ብለው «ገና ነኝ፤ ለለቅሶው አትቸኩሉ!» አሉ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከጧት እስከ ቀትር አንሙት ያነባል፣ የኔታ ይተረጉማሉ፣ የብርጓል በሩ ላይ ተቀምጣ ትፈትላለች። እንግዳ ሰው በመንገድ ሲያልፍ በሌሉ ዶሮዎች ላይ «እሽ! እሽ!» ትጮኻለች፤ አንሙት መጽሐፉን ከቆዳው ሥር ያገባል። አንድ ጧት የኔታ «ትናንት የት ላይ ቆምን?» ብለው ጠየቁ። አንሙት ሲያመነታ ከበሩ በኩል እንዝርቷን ሳታቆም የትናንቱን ትርጓሜ አንድም ሳታስቀር ዘለቀችው። የኔታ ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ። «ለካ ተማሪዎቼ ሁለት ናቸው።»

ከሆሳዕና በፊት ባለው ዓርብ ጨረሱ። የኔታ ሁለቱንም አንድ ላይ መረቁ። ለፋሲካም ደረሱ፤ ዳግም ትንሣኤን ግን አላዩም።

ጣሊያን ወጥቶ አዲሱ ገበዝ መጽሐፉን ሊወስዱ ሲመጡ የብርጓል መጀመሪያ ግዝቱ ይፈታልኝ አለች። ደጇ ላይ በመስቀል ፈቱላት፤ ከዚያ ከማኅደሩ ጋራ አገናኙት። ማኅደሩ ለዘለዓለም ጌሾ ጌሾ ይሸት ነበር አሉ።

እንግዲህ አንቱታው ይመለስ። አባባ አንሙት በኋላ በዚያው ደብር መምህር ሆኑ፤ ያንን ትርጓሜ ከሠላሳ በላይ ተማሪ ከሳቸው ተቀበለ። እኔ አንድ ጊዜ ብቻ ሲያስተምሩ አየሁ። ከጽዱ ጥላ ሥር መጽሐፉን ሲገልጡ ከስፌቱ መካከል አንዲት የጤፍ ፍሬ ገጹ ላይ ወደቀች። ተማሪው ሊያራግፋት እጁን ሲያነሣ ያዙት። ጣታቸውን በምላሳቸው አርሰው አነሷትና ቀመሷት።

«ተዋት፣ ቁራሼ ናት» አሉት። «አንብብ።»