ብረት አብራጁ

ባለፈው ክረምት ሞተር ሳይክሌን እየገፋሁ ሹም አቦ ሰፈር ካለ አንድ ጋራዥ ገባሁ። ክትባት ይዤ የጣና ዳር ቀበሌዎችን የምዞርባት ናት። መንገድ ላይ ግላ ጉልበት ሲያንሳት አቁሜ አብርጃት ነበር። መካኒኩ ዘይቷን ሲያፈስሰው ጥቁር ሆኖ እንደ ውሃ ቀጥኗል። የተቃጠለ ሽታው ልጅነቴን አስታወሰኝ። በስምንት ዓመቴ፣ ተወልጄ ባደግሁበት ይፋግ፣ አባቴ የእናቴን ሬሳ ይዞ ሲመለስ ጋቢው እንደዚህ ይሸት ነበር።

ጋሼ እንድሪስ ጎረቤታችን ነበሩ፤ የሩዝ ነጋዴ። በሰፈራችን ሞተር የነበራቸው እሳቸው ብቻ ናቸው። አመሻሽ ላይ ከገበያ ሲመለሱ ሽርጣቸውን ሰብሰብ አድርገው ቁጢጥ ይሉና በሞተሯ ዙሪያ ከተደረደሩት ስስ ብረቶች መካከል የዋልካውን ጭቃ በወይራ ስንጥር ይፈለፍላሉ። እኛ ልጆች እንስቅባቸዋለን።

"ሳቁ፣ ሳቁ! ይቺ ምስኪን መተንፈሻዋ ይሄው ብቻ ነው። ዘይቱ የሆዷን ሙቀት ተሸክሞ እዚህ ብረት ላይ ያደርሳል፣ ንፋስ ይቀበለዋል። ጭቃ ከዘጋው ግን ዘይቱ ግሎ ይቀጥናል። የቀጠነ ዘይት ደግሞ ብረትን ከብረት አይገላግልም" ይሉን ነበር።

እናቴ ታናሽ ወንድሜን እንደወለደች ደሟ አልቆም አለ። መንገዱ ጭቃ ነው፣ መኪና የለም። ጋሼ እንድሪስ ሳይጠሩ መጡ። እናቴን መካከል አድርገው፣ አባቴ ከኋላ አቅፏት ወደ ጤና ጣቢያ ከነፉ። እኩል መንገድ ላይ ሞተሯ ግላ አቃሰተች። አቆሟት።

"ንዳት እንድሪስ! ስለፈጠረህ ንዳት!" አለ አባቴ።

"ከነዳኋት ብረቷ ተናክሶ ትቀራለች። ትንሽ ትብረድ" ብለው ጭቃውን በጣታቸው ሲፈለፍሉ እናቴ አባቴ ጭን ላይ አረፈች።

አባቴ ከዚያ ወዲያ እግዜር ይመስገን ብሎ ሰላምታቸውን እንኳ አልመለሰም። "ሰው እየሞተ ብረት የሚያበርድ!" ይላቸው ነበር። አገሩም ስሙን ተቀብሎ ብረት አብራጁ አላቸው። እኔም፣ አፈር በበላሁ፣ በደጃቸው ሳልፍ በዚሁ ስም ጮኼ ጠራኋቸው። ቀና ብለው አዩኝና ወደ ሞተራቸው ጎንበስ አሉ።

"እህቴ፣ ትንሽ ጨምረሽ ብትነጂያት ኖሮ ፒስተኑ ተጣብቆ ነበር። ማቆምሽ አተረፈሽ" አለኝ መካኒኩ። እዚያው ጋራዥ ውስጥ አለቀስሁ።

በማግስቱ ይፋግ ሄድሁ። አባቴ ከሞተ ቆይቷል። ጋሼ እንድሪስ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል። እግራቸው ሥር ወድቄ፣ "ይቅር ይበሉኝ ጋሼ። ማቆምዎ ልክ ነበር። ቢነዷት ጨርሶ አትደርሱም ነበር" አልኋቸው።

በእጃቸው ደግፈው አነሡኝና፣ "ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው ልጄ። ማቆሜስ ልክ ነው። እናትሽን ከመውሰዳችን በፊት በነበረው ምሽት ግን፣ ደክሞኝ 'ነገ' ብዬ ጭቃውን ሳልፈለፍለው ገባሁ። አባትሽ ያላወቀው ይህን ነው። አንቺ ይቅር በይኝ" አሉኝ።

ይቅርታ ልጠይቅ ሄጄ ይቅር በይ ተባልሁ። ስወጣ ያቺን የወይራ ስንጥር እጄ ላይ አኖሩልኝ፤ ይቅር ሳልላቸው ይዣት ሄድሁ። ወር ሳይሞላ ማረፋቸውን ሰማሁ።

አሁን ከመስክ ስመለስ፣ የፈለገ ቢደክመኝ፣ የሞተሬን ጭቃ ሳልፈለፍል ቤቴ አልገባም።