ካልኩለስን በወንፈል

ልጅ እያለሁ «ቂም ከዕድሜ ጋር ይለቃል» የሚሉ ሰዎች ነበሩ። ውሸታቸውን ነው። እኔ ዛሬም የበርበሬ ሽታ ሲያስነጥሰኝ ትዝ የሚለኝ የኔሰው የሚባል የድሮ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ነው።

አስራ ሁለተኛ ክፍል እያለን ቡሬ ውስጥ በአንድ ግቢ ቤት ተከራይተን የምንማር አራት የገበሬ ልጆች ነበርን። የእኔ ክፍል አከራያችን በርበሬ ከምታከማችበት ቤት ጋር ግድግዳ ስለሚጋራ የማነበው እያስነጠስኩ ነበር። ብሔራዊ ፈተናው ሲቃረብ የሂሳቡ መጽሐፍ ጫካ ሆነብን። ያኔ ከአራታችን አንዱ፣ ምላሰ ቅቤው የኔሰው፣ «ለምን እንደ አገራችን በወንፈል አናጠናም?» አለ። ዛሬ የአንዱን ማሳ ነገ የሌላውን እንደምናርመው ሁሉ፣ እያንዳንዳችን አንዳንድ ምዕራፍ ጠንቅቀን ይዘን በየተራ ልንረዳዳ ተስማማን። ካልኩለስን የሚነካው ጠፍቶ ለእኔ ደረሰኝ። ከባዱ ይቅደም ተባለና የመጀመሪያዋ አስረጂም እኔው ሆንኩ።

ሌላውን ሁሉ ትቼ ከሊሚትና ከዴሪቬቲቭ ጋር ተናነቅሁ። ኢንቲግራል እስኪገባኝ አልቅሻለሁ። ከዚያ ሰሌዳ ስላልነበረን በግቢው የቆርቆሮ በር ላይ በከሰል እየጻፍኩ፣ አከራያችን ስትቆጣ እያጠፋሁ አስረዳኋቸው። ገባቸው። የኔሰው እንዲያውም ከእኔ ፈጠነ።

ተራው የእነሱ ሲሆን የኔሰው በሩን ዘጋ። «ፈተናው ደርሷል፤ አሁን ሁሉም ለየራሱ ቢያነብ ይሻላል» አለኝ በመስኮት። ሌሎቹ ሁለቱም እሱን አይተው ዘጉ።

አባቴ ስንቅ ይዘው ሲመጡ ነገርኳቸው። ስንቁን ከአህያው ላይ እያወረዱ «የራሱን ማሳ አሳርሞ በሰው ተራ የሚቀር፣ ልጄ፣ ቀብሩም አይደምቅ» አሉ። ከዚያ አህያቸውን ነድተው ተመለሱ።

ሦስቱ ዩኒቨርሲቲ ገቡ። እኔን ካልኩለስ ብቻውን አላሳለፈኝምና ወደቅሁ። በዓመቱ ብቻዬን አጥንቼ እስካልፍ ድረስ፣ እነሱ ለበዓል ሲመጡ መንገድ እቀይር ነበር። ይቅር ብያቸው እንደሆነ የሚጠይቀኝ ካለ፣ አላልኩም።

አሁን እዚያው ቡሬ ሂሳብ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ካልኩለስን የሚያጠኑት ከስልካቸው ነው። ማንም በማንም ላይ በር አይዘጋም፤ መጀመሪያውኑ የሚያንኳኳ የለማ። ይህን ሳይ፣ የኔሰው ደስ አይበለውና፣ ያ በከሰል የጠቆረ በር ይናፍቀኛል።

ባለፈው ሰሞን አንድ ተማሪዬ ከክፍል ስወጣ ተከትሎኝ «ቲቸር፣ ኢንቲግራል አልገባኝም። ወንድሜ እርስዎን እንድጠይቅ ነግሮኝ ነው» አለ። ወንድምህ ማነው አልኩት። የኔሰው አለኝ። ጠመኔውን ልወረውር ምንም አልቀረኝ። ነገር ግን ልጁ ምን አደረገ? ቁጭ አድርጌ እስኪገባው ድረስ አስረዳሁት።

አመስግኖ ሊሄድ ሲል «ወንድምህን፣ የእኔ ተራ መቼ ነው ትልሃለች በለው» አልኩት።

ልጁ ግራ ገብቶት አየኝ። ለወንድሙ ግን ይገባዋል።