ጽድ በጽድ

ጽድ ሁለት ዓይነት ነው። ይህን ያወቅሁት ቤቴ ከዘመመ በኋላ ነው፤ ምን ይረባኛል!

የሐበሻው ቀርፋፋ ነው። ግንዱ ይጎብጣል፣ ልቡ ቀይ ነው፣ ሲፈለጥ ሽታው ግቢውን ይሞላል። ፍሬው ሰማያዊና ለስላሳ ነው። የፈረንጁ ፍሬ ግን እንደ እንጨት የደረቀ ነው፤ ዛፉም ቶሎ ያድጋል፣ ቀጥ ይላል። መሬት ሲቀበር ክረምት አይችልም። ደብረ ታቦር ላይ ሁለቱንም ጽድ ብለን እንጠራቸዋለን፤ ጉዱም እሱ ነው።

ባሌ ለቤታችን ምሰሶ የሐበሻ ጽድ በገዛ እጁ ጠርቦ፣ ጓሮ ከምሮ እያደረቀ ሳለ ሞተ። ከልጆቼ ጋር በኪራይ ቤት ቀረሁ። ቤቱን ላቁምልሽ ያለኝ ዋርሳዬ፣ የባሌ ታላቅ ወንድም ነው። ያለኝ እላለሁ እንጂ ያሉኝ አልልም፤ አንቱታ ለሱ ይነሰው! እንጨቱን ዞር ዞር ብሎ አየና፣ "ይሄ ጎባጣ ነው እቴ፣ በርና መስኮት አያስገጥምም። ይሄን ልውሰድና ቀጥ ያለ አመጣልሻለሁ፤ ጽድ በጽድ ነው" አለኝ።

"አንቱ ካሉ ይሁን፣ አያ" አልሁ። የከተማ ልጅ ነኝ፤ ለኔ ጽድ ጽድ ነበር። ከአንበሳሜ በመኪና ያስመጣው እንጨት ደግሞ፣ አቤት ማማሩ!

ጥቂት ክረምት እንዳለፈ የማዕዘኑ ምሰሶ ከሥሩ በሰበሰ። አናጢ ጠራሁ፤ ቢነካው በእጁ ፈረሰ። "የፈረንጅ ጽድ ማነው መሬት የቀበረው?" አለኝ።

እየሮጥሁ በጋፋት መንገድ ወዳለው የዋርሳዬ ቤት ሄድሁ። ቀያዮቹ ጎባጣ ምሰሶዎች የሱን በረንዳ ደግፈው ቆመዋል። የባሌ መጥረቢያ ያረፈበትን ሁሉ አውቀዋለሁ።

"አንተ ሌባ!" አልሁት።

ምንም አልደነገጠም። "ጽድ ወሰድሁ፣ ጽድ ሰጠሁ። እስቲ ሽማግሌ ፊት ቁሚና አልሰጠኝም በዪ!"

ቆምሁ። ሽማግሌዎቹም "ጽድ ሰጥቶሻል አይደል? እንግዲህ ዘመድ ናችሁ፣ ተዉት" አሉን። ማመን ቀብሮ ነው ይባላል፤ እኔ የቀበርሁት የማምነውን ነው።

ሐምሌ ላይ ቤቱ ወደቀ። ሽማግሌዎቹ ያገኙልኝ መላ ዋርሳዬ ዘንድ መጠጋት ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ድምፁን ከፍ አድርጎ "አትሳቀቂ እንጂ፣ ቤትሽ እኮ ነው!" ይለኛል። እንግዶቹ ደግነቱን ያመሰግናሉ። እኔም አቀርቅሬ "እግዜር ይስጥልኝ" እላለሁ፤ ልጆቼን ዝናብ እንዳይመታብኝ።